ሸራው እኔ ዘንድ፣ ምሰሶው እሷ ዘንድ

በእኛ ሰፈር ሁለት ሴቶች መጣላታቸው የሚታወቀው በስድብ አይደለም፤ በአክብሮት ነው። አብረው ያደጉ ሰዎች ድንገት "እርስዎ" መባባል ከጀመሩ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔና አብሮ አደጌ "እርስዎ" በተባባልን በሦስተኛው ቀን ሰቆጣ ከዳር እስከ ዳር አወቀው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሱቋ በር አልፋለሁ። "እንደምን አደሩ?" ትለኛለች፣ ጨርቅ እየለካች፣ ቀና ሳትል። "እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?" እላለሁ። ከዚህች ሴት ጋር ከአንድ ኪስ ቆሎ እየዘገንን ነው ያደግነው፤ አንድ ጫማ እየተዋዋስን ተራ በተራ ሠርግ ጨፍረናል። "እርስዎ" ባለችኝ ቁጥር ጥፊ የቀመስኩ ያህል ጉንጬ ይግላል።

እኔ ርዕሰ መምህርት ነኝ። ግልፍተኛ ነኝ፤ ይህን የሚክድ ተማሪ በከተማው የለም። ማዘዝ እወዳለሁ። ሰው ተሰብስቦ ዝም ካለ አፌን ይበላኛል። እሷ ደግሞ ከአባቷ የወረሰችው የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከጥንት ከነበሩት የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች አንዱ የእሷ ነው። እሷ አትጮህም። መቀሱን ታስቀምጥና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ቃል ትናገራለች፤ ያቺ ቃል ሳምንት ሙሉ ታሳክካለች።

ጠባችን የፖለቲካ ነው። ሁለታችንም የማንም ፓርቲ አባል አይደለንም፤ ግን በዚህ ዘመን ለመጣላት አባልነት አያስፈልግም። ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ በሄደችበት ጊዜ ገሚሳችን ወጣን፣ ገሚሳችን ቀረን። ስንመለስ የወጣው "ወጪ"፣ የቀረው "ቀሪ" ተባለ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እያደር መረረ። ወጪው ቀሪውን "ከማን ጋር ስትበላ ነበር?" ይለዋል፤ ቀሪው ወጪውን "ጥለኸን የሄድክ" ይለዋል። በውሃ ወረፋ፣ በወፍጮ ቤት፣ በታክሲ ተራ ነገር ሁሉ ሁለት ሆነ። ከሰቆጣ ዙሪያ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ገበሬ እንኳ ዋጋ ከመናገሩ በፊት "ወጪ ነሽ ቀሪ?" ይል ጀመር።

ይህን እሳት እኔ አልለኮስኩትም። እንጨት ግን ጨምሬበታለሁ። በተመለስን ሰሞን የሰፈር ስብሰባ ተጠራ፤ ማንም ሳይጋብዘኝ ተነሣሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ሰው በረንዳ ተናገርኩ። ሰው አለቀሰልኝ። ሰው ሲያለቅስልኝ ደግሞ ልጓም የለኝም። "እኛ ባዶ እጃችንን ስንንከራተት፣ እዚህ ለሱቃቸው ሲሉ የቀሩ አሉ" አልኩ። ስም አልጠራሁም። ነገር ግን ከሰፈራችን ባለሱቆች መካከል ሳይወጣ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ወጣ። በማግስቱ ጠዋት በሱቋ በር ሳልፍ "እንደምን አደሩ?" ብላ ተቀበለችኝ።

ከዚያ እድራችን ተከፈለ። የሰፈራችን የሴቶች እድር ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በአንድ መዝገብ የሰፈሩበት ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት እናቶች፣ ወንዶቹ "ሴት ድንኳን ምን ያደርግላታል?" እያሉ ሲስቁ፣ ገሚሶቹ ጠላ ጠምቀው፣ ገሚሶቹ ዳቦ ጋግረው ሸጠው የራሳቸውን ድንኳን አቆሙ። ሸራው ሰፊና ወፍራም ነው። መሃል የሚቆመው ምሰሶ ደግሞ ረጅም የጽድ ግንድ ነው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሷ የዕቃ ኃላፊ። ነገሩ ሁሉ ሲመጣ ሸራው ሊጣፍ እኔ ቤት ነበር። ስንወጣ ከራሴ ልብስ በፊት አህያው ላይ የጫንኩት እሱን ነው። ምሰሶው ከሱቋ ጓሮ ቀረ፤ ማገዶ ፈላጊ እንዳያገኘው ደብቃ አቆየችው ተባለ። ወጪዎች "ድንኳኑን ያዳንን እኛ ነን" አልን። ቀሪዎች "ምሰሶ የሌለው ድንኳን ብርድ ልብስ ነው" አሉ። የወጪዎች እድር ሊቀመንበር እኔ ሆንኩ፤ የቀሪዎቹ እሷ።

ልቅሶ በተነሣ ቁጥር የምንሆነውን ቢያይ ሟቹ ራሱ ይስቅ ነበር። እኛ ሸራውን በባሕር ዛፍ አጣና ላይ እንወጥራለን፤ ነፋስ ሲመጣ ለቀስተኛው ሁሉ ልቅሶውን ትቶ ጫፍ ጫፉን ይይዛል። እነሱ ፕላስቲክ ይዘረጋሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መሃል ላይ ይጠራቀምና አንዷ በዱላ ስትገፋው ከሥር የተቀመጠው ይታጠባል። ያን የጽድ ምሰሶ "እንዳይሰበር" እያለች አንድ ቀን እንኳ አላወጣችውም። ጡሩምባ ነፊያችን ግን አንድ ነው። ለሁለቱም እድር በአንድ መንገድ ሁለቴ መመላለስ ሲሰለቸው ማዕዘኑ ላይ ይቆምና "ወጪዎች ስሙ! ቀሪዎችም አትስሙ አልተባላችሁም!" ይላል።

እኔም ብሆን የምደብቀው ነበረኝ። ስንወጣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ነበር፤ በአንድ ክፍል ብዙ ቤተሰብ። አንዲት ከሌላ ወረዳ የመጣች ሴት ምጥ ያዛት። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ባለበት ክፍል ውስጥ፣ የሚከልላት ነገር ጠፍቶ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታጣጥራለች። አላሰብኩም። መቀስ ተበድሬ ከሸራው ጎን ሁለት ክንድ ቆረጥኩና መጋረጃ አደረግኩት። ሴት ልጅ ተወለደች። ስንለያይ መጋረጃውን መልሺ ማለት አሳፈረኝ፤ እዚያው ቀረ። ያየኝ የሰቆጣ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ይህ ምን ያሳፍራል? አያሳፍርም ነበር፣ የእድሩን ሕግ የጻፍኩት እኔ ባልሆን። "የእድሩን ዕቃ የቆረጠ፣ የቀደደ፣ ወይም ያለ ስብሰባ ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ ያዋለ አባል ያለ ምንም ይቅርታ ይሰረዛል" ይላል። "ያለ ምንም ይቅርታ" የምትለዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ስትነበብ ደስ ብላኝ ነበር። እንግዲህ ለልቅሶ ሸራውን በወጠርን ቁጥር የተቆረጠውን ጎን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ፤ እዚያ ጋ ማንም እንዳይቀመጥ ራሴ እቀመጥበታለሁ። ሰው "ሊቀመንበሯ ትሑት ናት፣ ጥግ ትወዳለች" ይለኛል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ ሁለታችንንም አስጠሩን። እማማ ከእድሩ መሥራቾች በሕይወት የቀሩ አንድ ሰው ናቸው። ለእኔ የክርስትና እናቴ ናቸው፤ ለእሷ የጡት እናቷ፣ እናቷ ስትወልዳት ታማ ስለነበር ያጠቧት እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶባቸዋል፤ ሌላ አልወለዱም። የፃግብጂ ሰው ናቸው፤ አፍ የፈቱት በኽምጣኛ ነው፣ አማርኛን የለመዱት አግብተው ሰቆጣ ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ሴቱንም ወንዱንም፣ ሹሙንም ሕፃኑንም "አንተ" ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ ሊጎበኝ የመጣን ትልቅ ባለሥልጣን "አንተ፣ ወንበርህን ወዲህ አድርግ፤ አልሰማህም" ብለውት ሰውየው ታዝዞ ጎትቷል።

እኔ ከበሩ በስተቀኝ፣ እሷ ከበሩ በስተግራ ተቀመጥን።

"እኔ ልሞት ነው" አሉ እማማ።

"ምን አመመዎት?" አልን ሁለታችንም እኩል።

"ምንም። ግን እሞታለሁ። ሰው አይደለሁም? ማን ይቀብረኛል? አንተ?" ወደ እኔ አዩ። "አንተ?" ወደ እሷ አዩ። ከዚያ እሷን በጣታቸው እያሳዩ ለእኔ፦ "አንተ ስትመጣ እሱ አይመጣም። እሱ ሲመጣ አንተ አትመጣም። እኔ መሃል እተኛለሁ፣ ዝንብ ይወረኛል።"

"ኧረ እማማ፣ ወላሂ እንዲህ አይበሉ" አለች እሷ።

"እላለሁ። የቁም ተዝካሬን አወጣለሁ። በአንድ ድንኳን። ሸራ ከነምሰሶው። በዓይኔ አያለሁ። ካልሆነ ፃግብጂ እሄዳለሁ፤ የወንድሜ ልጆች ይቀብሩኛል። እናንተ አፈር አታለብሱኝም።"

የቁም ተዝካር በአገራችን የነበረ ነገር ነው። ልጅ የሌለው፣ ወይም ወራሾቹን ያላመነ ሰው፣ ከሞተ በኋላ የሚበላውን ድግስ በሕይወቱ ደግሶ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ አይቶ ያልፋል። እሱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ "አፈር አታለብሱኝም" ያሉት ነው። አንዳችንን ክርስትና ያነሣች፣ አንዳችንን ያጠባች እናት በእኛ ምክንያት ከሰፈሯ ርቃ ልትቀበር ነው። እማማ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

"ደግሞ" አሉ ስንወጣ፣ "ሥጋ የለም። ሥጋ ካለ ሁለት ድስት። ሁለት ድስት ካለ ሁለት ወገን። ሽሮ ብቻ፣ ምስር ብቻ። አንድ ድስት።"

ይሄንን እኔ ስንት ዓመት ስብሰባ መርቼ አላሰብኩትም። የጾም ምግብ ክርስቲያንና ሙስሊም ከአንድ ድስት ይበሉታል።

ደጅ ላይ ቆምን። "ምሰሶውን ያመጡታል?" አልኳት።

"ሸራውን ካመጡት" አለችኝ።

"ትንሽ ይጣፋል።"

"እሱም ትንሽ ይላጋል።"

አጠራጠረችኝ። እኔም ሳላጠራጥራት አልቀረሁም። ሁለት ክንድ ሸራ ገዝቼ ልጣፍበት ብዬ ነበር፤ ያን ያህል ወፍራም ሸራ የሚሸጥ ሱቅ ግን በሰቆጣ አንድ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ "እንደምን ዋሉ?" ብዬ ተመለስኩ።

የእማማ ንስሐ አባት መጀመሪያ አንገራገሩ። በሕይወት ላለ ሰው ድግሱን እንጂ ልቅሶውን አንፈቅድም አሉ። እማማም፦ "አንተ፣ ሬሳ ካልሆንኩ አትወደኝም?" አሏቸው። ቄሱ ስቀው ቀኑን ለረቡዕ ቆረጡ። ከደሃና ወረዳ ገብስ በአህያ መጣ። ለጠጪው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ ተዘጋጀ፤ አንዷ ቀልደኛ "ቀሪቦ የቀሪዎች ነው፣ ወጪ እንዳይነካው" ብላ ሁለቱም ወገን እኩል ሳቀ። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን!

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድንኳን ሊተከል በእማማ ግቢ ተሰበሰብን። ወጪዎች በአጥሩ በኩል፣ ቀሪዎች በጓዳው በኩል ቆሙ። እማማ መሃል ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምሰሶው መጣ። ከላይ እስከ ታች በአበባማ አዲስ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ለክብር ነው" አለች፣ ሳታየኝ።

እኔ ማዘዝ ጀመርኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ! "በዚያ በኩል ሳቢ! ካስማውን ምቺ! አንሡ! አንሡ እንጂ!" ምሰሶው ተነሣ። ሸራው ወደ ላይ ወጣ። ለአፍታ ያህል እውነተኛ ድንኳን ሆነ፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ሲጥ አለ። ምሰሶው ወገቡ ላይ ታጠፈ፣ ልክ እንደሚንበረከክ ሰው፤ ሸራው ከነገመዱ በሁላችን ላይ ወረደ።

ከሸራው ሥር ጨለማ ነው። አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ እግሬን ረግጣዋለች። እጄን ዘርግቼ ምሰሶውን ያዝኩ። አበባማው ጨርቅ ተቀዷል። ከሥሩ ሽቦ፣ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ በጣቴ ተሰማኝ። ምሰሶው ለሁለት ተቆርጦ የተጣፈ ነው። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

"አንቺ!" ብዬ ጮኽኩ። "አንቺ ደንቆሮ! ምሰሶውን ቆረጥሽው?"

ከዚያ ከሌላው ጫፍ የእሷ ድምፅ መጣ። ጮኸች! በዕድሜዋ ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

"አንቺስ! የዚህ በኩል ሸራ የት ገባ? ግማሽ ገላዬ እኮ ሜዳ ላይ ነው! በመቀስ ነው የተቆረጠው፤ መቀስ አላውቅም መሰለሽ?"

"አንቺ ነሽ ስለ መቆረጥ የምታወሪው?"

"አዎ እኔ ነኝ! አንቺ አፈ ጉልበት!"

ጡሩምባ ነፊው ከውጭ ቆሞ ነበር። ጡሩምባውን ነፋ። "ሰፈር ሆይ ስማ!" አለ። "አንቺ ተባባሉ! አንቺ ተባብለዋል!" ከሸራው ሥርም ከላይም እልልታ ቀለጠ። እኛ ሁለታችን በእጅና በጉልበታችን እየዳህን ከሁለት ጫፍ ወጣን። ፀጉሯ ላይ ሣር ተሰክቷል። እኔ ነጠላዬ የለም። ተያየን። ልቆጣ ብዬ ነበር፤ ሳቁ ቀደመኝ። እሷም ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል የሳቅነው በልጅነታችን የቄስ ጥምጣም ላይ ዶሮ ስትወጣ ያየን ዕለት ይመስለኛል።

ሳቁ ሲበርድ ስለ ሸራው ተናገርኩ። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ምጡ፣ ስለ መጋረጃው። ከወጪዎች አንዷ "እኔ ደግሞ ጥግ የምትወጂ ትሑት መስለሽኝ!" ብላ ጭብጨባ ተነሣ። ተራው የእሷ ሆነ። እሷ ግን መሬቱን በጣቷ ትጭራለች።

"እሱ አይናገርም" አሉ እማማ ከበርጩማቸው። "አስምሎኛል። እኔ ግን ልሞት ነው፣ መሐላ አፈርሳለሁ።"

"እማማ፣ ይተዉ" አለች።

"አልተውም። እግሬ እምቢ አለ። ተኩስ አለ። 'ተወኝ፣ ሂድ' አልኩት። አልሄደም። ምሰሶ ለሁለት ቆረጠ፣ ቃሬዛ ሠራ። እሱ ከፊት፣ ሦስት ሴት ከኋላና ከጎን። ፃግብጂ ድረስ፣ ገደሉን ሁሉ፣ እኔን ተሸከመ። አድርሶኝ ወደ ከተማ ተመለሰ።"

"ሱቋስ?" አልኩ።

"ሱቅ ክፍት ነበር። ቁልፍ እንኳ አልያዘም።"

ለሱቃቸው ሲሉ የቀሩ አሉ። ይህን ያልኩት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው፤ ሰው እያለቀሰልኝ ነው። እሷ እዚያ ስብሰባ ላይ ነበረች። ሰምታ፣ ቤቷ ገብታ፣ በማግስቱ እንደምን አደሩ አለችኝ። ሦስቱ ቃሬዛ ተሸካሚዎችም ምለው ዝም አሉ። በሰቆጣ አራት ሴቶች አንድ ምስጢር ይህን ያህል ጊዜ ይዘው መቆየታቸው ራሱን የቻለ ተአምር ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? 'ለሱቅሽ ቀረሽ' ላለችኝ ሴት 'የለም፣ የእድር ምሰሶ ስቆርጥ ነው የቀረሁት' ልበል? ሕጉን የጻፍሽው አንቺ። ያለ ምንም ይቅርታ።" ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፦ "ደሞ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ።"

አልጠየቅኳትም። መምህር ሆኜ፣ መሪ ነኝ ብዬ፣ ጥያቄ መጠየቅ አልቻልኩም። ስናገር ብቻ ነበር የኖርኩት።

ያን ቀን ሁለቱም ወገን ተቀላቅሎ ምሰሶውን እንደገና አሠረ። ሽቦ ጨመሩበት፤ በጎኑ አጣና ደገፉለት። ከሱቋ ወፍራም ሸራ አስመጣች፤ እኔ በወስፌ፣ እሷ በመርፌ ተቀምጠን የጎደለውን ጣፍን። ቀለሙ አልገጠመም፣ አረንጓዴ ነው። ድንኳኑ ቆመ። ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላል፤ መሃሉም ዝቅ ብሎ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ግን ቆመ።

እኔ ቤቴ ሄጄ ንግግር ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። ስለ አንድነት፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ ትውልድ። ረቡዕ ሰው በልቶ ቄሶቹም ከባረኩ በኋላ ወረቀቴን ይዤ ተነሣሁ። ያ ሁሉ ሰው ከዚያ ዘመም ያለ ድንኳን ሥር ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ዳር ላይ ሦስቱን ቃሬዛ ተሸካሚዎች አየኋቸው። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ለሱቃቸው ሲሉ ቀሩ ብዬ የተናገርኩት ሐሰት ነው" አልኩ። "ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። እህቴ፣ በሰው ፊት ነው የበደልኩሽ፣ በሰው ፊት ይቅር በይኝ።"

ተቀመጥኩ። ሰው ጠበቀ። እኔ በሁለት ደቂቃ የምጨርስ ሰው አይደለሁም፤ ያውቁኛል። አንዱ ሽማግሌ ከኋላ "ቀሪውስ?" አሉ።

"ቀሪ የለም" አልኩ። "ወጪም የለም።"

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ። እኔ ግን እሷን ነበር የማየው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች። አንገቴን ይዛ ሳመችኝና በጆሮዬ "ንግግርሽ አጭር ሲሆን ያምራል" አለችኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትበላኛለች።

በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ግን መዝገቡን ይዞ ብቅ አለ። "ሕጉስ?" አለ። "የቆረጠ፣ የቀደደ፣ ያለ ምንም ይቅርታ ይላል። ሁለቱም ቆርጠዋል።" ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። እንዲህ በአንድ ድምፅ የተወሰነ ነገር በሰቆጣ አላየሁም፦ ሁለት ሊቀመንበር በአንድ ቀን ተሰረዝን። ወዲያው አንዷ "እንግዲህ በአዲስ አባልነት ያመልክቱ" አለች። አመለከትን። ተቀበሉን። ለካ በሕጉ፣ እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አዲስ ገቢ አባል ዓመት እስኪሞላት የድግስ ዕቃ ታጥባለች።

ስለዚህ የእማማ የቁም ተዝካር ሲሞቅ እኛ ከጓዳው ኋላ፣ በሁለት ትልልቅ ሳፋ መሃል ተቀምጠን እጃችንን እስከ ክርናችን አመድና ሳሙና ውስጥ ነክረናል። የሽሮ ድስት ምን ያህል እንደሚጠነክር የማዝዝ ሆኜ ሳለሁ አላውቅም ነበር። ከድንኳኑ ድምፅ ይሰማናል። የተዋሐደው እድር ሊቀመንበር እየመረጠ ነው። ከሦስቱ ተሸካሚዎች አንዷን መረጡ፤ በስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ የማታውቅ ሴት። "እኔ ምን እናገራለሁ?" ስትል ሰማናት። "አትናገሪ፤ ጠይቂን" አሏት። በሳሙና እጄ አጨበጨብኩ። ቅናት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ደስ ነው ያለኝ፤ ዝም ብሎ ደስታ።

እማማ በዱላቸው እየተደገፉ ወደ እኛ መጡ። ራሳቸው ተዝካራቸውን ሁለቴ በልተዋል፤ በላዩም ትንሽ ጠላ ደርበዋል። ቆመው አዩን። እሷ ታሻለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ።

"አንተ፣ ሳሙና አታብዛ" አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንንም በየተራ አዩ። "እንግዲህ ቀባሪ አገኘሁ" አሉ።

"ኧረ ዕድሜ ይስጥዎት እማማ!" አለች እሷ።

"ይሰጠኛል። አልቸኩልም። ሽሮው ጥሩ ነው" ብለው ወደ ድንኳናቸው ተመለሱ።

አንገቴን ድስቱ ውስጥ ቀበርኩ፤ እንባዬ በአመዱ ውሃ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እሷ አየችኝ። አላጽናናችኝም። የሚቀጥለውን ድስት ወደ እኔ ገፋችልኝ።

"አልቅሺ" አለችኝ፤ "ግን እያጠብሽ አልቅሺ።"